ፍርድ ቤት የማይልካቸው ታካሚዎች

በ1980ዎቹ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ መምህር የነበሩት ሮጀር ሮፍማን አንድ ቀላል ጥያቄ ያዙ፦ ማሪዋና ማቆም አቅቶት ርዳታ የሚፈልግ ሰው አለ ወይ? በጊዜው የተለመደው መልስ “የለም” ነበር። ሱስ ከተባለ ሄሮይን ነው፣ ሱስ ከተባለ መጠጥ ነው፤ ማሪዋና ግን ሰው ሲሰለቸው ይተወዋል ይባል ነበር። ሮፍማንና ባልደረባቸው ስም ሳይጠየቅ የሚወራበት የስልክ መስመር ከፍተው ማስታወቂያ አወጡ። ከ200 በላይ ሰዎች ደወሉ። የብዙዎቹ ችግር መጠጥም ሌላ ዕፅም አልነበረም። ያቃታቸው ማሪዋናው ብቻ ነበር።

እነዚህ ሰዎች እስከዚያን ቀን የት ነበሩ? በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደሩት የሱስ ሕክምና ጣቢያዎች መዝገብ ላይ እንደልብ አይገኙም ነበር። ጣቢያዎቹ የተሠሩት በመጠጥና በሄሮይን ለተጎዳ ሰው ነው። ሥራውን የሚሠራ፣ ኪራዩን በጊዜው የሚከፍል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ማታ ማታ ግን ካላጨሰ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው “ይህ በር የእኔ ነው” ብሎ አያንኳኳውም። ስለዚህ መዝገቡን ያየ ባለሥልጣን “ፈላጊ የለም” ቢል አይፈረድበትም፤ ስልኩን ያነሣ ሰው ግን ሌላ ነገር ሰምቷል።

ይህን የቆየ ታሪክ ያነሣሁት ዛሬም ክርክሩ እዚያው ላይ ስለሆነ ነው። ካናቢስ (ያው ማሪዋና ማለት ነው) በሕግ በተፈቀደበት አገር ሁሉ ተቃዋሚም ደጋፊም የሚመዘው አንድ ቁጥር አለ፦ በሕዝብ ገንዘብ የሚሰጠውን የካናቢስ ሱስ ሕክምና ስንት ሰው ጠየቀ? ቁጥሩ ከጨመረ “አላልንም?” ይባላል፤ ካልጨመረ ደግሞ “ይኸው፣ ምንም አልመጣም” ይባላል። እኔ የዋሽንግተን ግዛትን ታሪክ ስከታተል የደረስኩበት ሐሳብ፣ ይህ ቁጥር በአመዛኙ የሚለካው የላኪውን ብርታት ነው የሚል ነው። ፍርድ ቤት ሲልክ ይጨምራል፤ ፍርድ ቤት መላክ ሲያቆም ይቀንሳል። የመድን ሕግ ሲሰፋና ሲጠብም እንዲሁ። በመካከሉ የታመመው ሰው፣ ማንም የማይልከው ሰው፣ በቁጥሩ ውስጥ ሳይታይ ይቀራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በኖቬምበር 2012 የዋሽንግተን ግዛት መራጮች ኢኒሺዬቲቭ 502 የተባለውን ሕግ ወደ 56 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አጸደቁ። ዕድሜው 21 የሞላ ሰው እስከ አንድ አውንስ ካናቢስ መያዝ ተፈቀደለት፤ የመጀመሪያዎቹ ሱቆች ደግሞ በጁላይ 2014 ተከፈቱ። ሕጉን በስማቸው ካቀረቡት ሰዎች አንዱ ያው ሮጀር ሮፍማን ነበሩ። ዕድሜያቸውን የካናቢስ ሱሰኞችን በማከም ያሳለፉ ሰው ካናቢስ እንዲፈቀድ መጠየቃቸው የሚጋጭ ነገር ይመስላል። የሕጉን ጽሑፍ ላነበበ ሰው ግን ያን ያህል አይጋጭም። ከሽያጩ የሚገኘው ግብር የት እንደሚውል በመቶኛ ተቆርጦ ተጽፎ ነበር፦ ግማሹ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የጤና መድን፣ 15 በመቶው በመካከለኛና በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል የዕፅ ችግርን ለመከላከልና ለመቀነስ፣ 10 በመቶው ለሕዝብ ጤና ትምህርት። በዚህ በ10 በመቶው ውስጥ ማቆም የሚፈልግ ሰው ደውሎ ወደ ሕክምና የሚመራበት የስልክ መስመርም ተካቶ ነበር። ያ የ1980ዎቹ ስልክ በሕግ አንቀጽ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

አንቀጹ ብዙም ሳይቆይ ተነካ። በ2015 የግዛቱ ምክር ቤት የግብሩን ሥርዓት እንደገና ጻፈው። በሦስት ደረጃ 25 በመቶ ይጣል የነበረው ግብር በሱቅ ሽያጭ ላይ የሚጣል የ37 በመቶ ግብር ሆነ፤ ለመከላከልና ለሕዝብ ጤና ትምህርት የተቆረጠው መቶኛም “እስከ” የሚል ጣሪያ ብቻ ሆኖ ትክክለኛው መጠን በየበጀቱ የሚወሰን ሆነ። ግዛቱ ከካናቢስ በዓመት ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይሰበስባል። የገንዘቡ ዋና ክፍል ወደ ጤና መድንና ወደ ጠቅላላ በጀት ይሄዳል። የጤና መድን ሕክምና ነውና ገንዘቡ ባከነ አልልም። ነገር ግን “ካናቢስ የሚያመጣው ገንዘብ ካናቢስ የሚያመጣውን ችግር ያክማል” ብሎ ድምፅ የሰጠ ሰው በአእምሮው የሣለው ይህን አልነበረም።

ሕጉ አንድ ሌላ በጎ ነገር ነበረው፤ ራሱን እንዲመረምር ግዴታ ጣለ። የዋሽንግተን ግዛት የሕዝብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም በ2015፣ በ2017፣ በ2022 እና በ2032 የሕጉን ውጤት እየመዘነ እንዲያቀርብ ታዘዘ። የ2017ቱ ሪፖርት ካጠናቸው ነገሮች አንዱ የካናቢስ ሱስ ሕክምና ፈላጊዎች ቁጥር ነበር። መልሱ ግልጽ ነበር፦ ሕጉ መውጣቱ በጠቅላላው በሕክምና ገቢዎች፣ ማለትም ወደ ሕክምና በሚገቡ ሰዎች ቁጥር፣ ላይ ለውጥ ማምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። በግዛቱ ውስጥም ሕጋዊ ሽያጭ በበዛበት አካባቢና ባልበዛበት መካከል በዚህ ረገድ ልዩነት አልታየም።

ደጋፊዎች ይህን ሪፖርት እንደ ድል አነሡት። ሪፖርቱ ጥሩ ሪፖርት ነው፤ ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ነገር ግን “የሕክምና ገቢዎች አልጨመሩም” የሚለው ዐረፍተ ነገር “ችግሩ አልጨመረም” ወደሚለው እንዲሻገር ድልድይ ያስፈልገዋል፤ ያ ድልድይ ነው የሌለው።

ከሕጉ በፊት በአሜሪካ የካናቢስ ሕክምና ወረፋ ውስጥ የነበረው ማን እንደሆነ እንይ። በፌዴራሉ መንግሥት የሕክምና ገቢዎች መዝገብ መሠረት በ2010 አካባቢ ዋና ችግሩ ማሪዋና ተብሎ ከተመዘገበው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በፍርድ ቤት፣ በአመክሮ ሹም ወይም በሌላ የፍትሕ አካል የተላከ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ፖሊስ አንድ ወጣት ኪስ ውስጥ ማሪዋና ያገኛል። ዳኛው “እስር ወይስ ሕክምና?” ይለዋል። ማን እስርን ይመርጣል? ወጣቱ ጣቢያ ሄዶ ፎርም ይሞላል፤ በየሳምንቱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የሽንት ምርመራ ይሰጣል። በሳምንት አንዴ ከጓደኞቹ ጋር የሚያጨስ፣ ሱስ የሚባል ነገር የሌለበት ሊሆን ይችላል። በመዝገቡ ላይ ግን “የካናቢስ ሕክምና ፈላጊ” ሆኖ ይቆጠራል። ፈላጊ የሚለው ቃል እዚህ ጋ ትርጉሙን አጥቷል፤ የፈለገው ዳኛው ነው።

በመዝገቡ ውስጥ ጥቁሮች ለምን እንደበዙም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በአሜሪካ ጥቁርና ነጭ ካናቢስ የሚጠቀሙበት መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ የሚታሰረው ጥቁሩ ይበልጥ ነበር። የእኛ ልጆች በፖሊስ ዓይን “ሐበሻ” የሚባል የተለየ ሳጥን የላቸውም፤ ጥቁር ናቸው። ስለዚህ የመያዙ ፍርሃት ሲቀንስ እፎይ ያለ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ቢኖር ምክንያት አለው፤ እኔም ያ እፎይታ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

የላኪው ክንድ ሲዝል ግን ቁጥሩ ወረደ። ማሪዋና በአገሪቱ የሕክምና ገቢዎች ውስጥ የነበረው ድርሻ በ2010 አካባቢ ከስድስት ሰው አንዱ ገደማ ነበር፤ በ2020 ከአሥር ሰው ወደ አንድ ገደማ ቀነሰ። በፔንሲልቬኒያ የሚገኘው የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጄረሚ ሜኒስና ጄራልድ ስታለር ከ2008 እስከ 2017 ያለውን የታዳጊዎች መዝገብ መርምረው በኮሎራዶና በዋሽንግተን ግዛቶች ሕጋዊነቱ የታዳጊዎችን የማሪዋና ሕክምና ገቢ እንዳልጨመረ አሳይተዋል። በዚያ ዘመን በመላ አገሪቱ ቁጥሩ እየወረደ ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የዋሽንግተንን ቁጥር ለማንበብ የሚያስቸግረው እሱ ይመስለኛል። በጃንዋሪ 1፣ 2014 ግዛቱ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ አሰፋ። ይህ በግዛቱ አፕል ኸልዝ የሚባለው ነው። መድን የሌለው ሕዝብ በ2013 ወደ 14 በመቶ ነበር፤ በ2016 ወደ 6 በመቶ ወረደ። የካናቢስ ሱቆች የተከፈቱት መድኑ ከሰፋ ከስድስት ወር በኋላ ነው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ዕፁን የሚሸጥ በርም ሕክምናውን የሚከፍል በርም ተከፈቱ፤ ከፍርድ ቤት የሚመጣው መንገድ ደግሞ ጠበበ። አንዱ ቁጥሩን ወደ ላይ ሲጎትት ሌላው ወደ ታች ይጎትታል። በላዩ ላይ ግዛቱ የሕክምና መረጃ የሚመዘግብበትን ሥርዓት በ2016 ለወጠው። ከዚያ በፊት ያለውን ቁጥር ከዚያ በኋላ ካለው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ሁለት የተለያየ መስፈሪያ ይዞ እህል እንደመስፈር ነው።

እሺ፣ የሕክምና ቁጥሩ የማይነግረንን ሌላ ምን ይነግረናል? የፌዴራሉ መንግሥት በየዓመቱ ቤት ለቤት የሚያካሂደው የዕፅ አጠቃቀምና የጤና ጥናት አለ። በ2022 ዕድሜው 12 ከሞላው ሕዝብ ውስጥ ወደ 62 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዓመቱ ውስጥ ማሪዋና ተጠቅሟል። 19 ሚሊዮን ያህሉ የማሪዋና አጠቃቀም ችግር መመዘኛን ያሟላ ነበር። ከ18 እስከ 25 ዓመት ባሉት ዘንድ ይህ ከስድስት ሰው አንድ ማለት ነው። ከእነዚህ ሚሊዮኖች በሕዝብ ሕክምና መዝገብ የሚታየው እጅግ ትንሹ ክፍል ነው።

ከአጠቃቀሙ ስፋት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ዘወትርነቱ ነው። የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲው ጆናታን ኮልኪንስ በ2024 ባሳተሙት ጥናት በ1992 በየቀኑ ወይም በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ማሪዋና የሚጠቀሙ አሜሪካውያን ከአንድ ሚሊዮን በታች እንደነበሩ፣ በ2022 ግን 17.7 ሚሊዮን እንደደረሱ አሳይተዋል። በዚያው ዓመት በየቀኑ የሚጠጡት 14.7 ሚሊዮን ነበሩ። በየቀኑ ካናቢስ የሚወስደው ሰው በየቀኑ ከሚጠጣው በለጠ ማለት ነው፤ በዚህ ጥናት ታሪክ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

ዕፁም ያው ዕፅ አይደለም። በዋሽንግተን ሱቆች የሚሸጠው ቅጠል ውስጥ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ ይበልጣል። ወጣቶች ዳብ የሚሉትና በቬፕ የሚሳበው የተጨመቀው ዓይነት ደግሞ ከ60 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። የግዛቱ ሁለት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት የጋራ መግለጫ ይህ ዓይነቱ ምርት ለሱስና ለአእምሮ ሕመም ያለውን አደጋ እንደሚያባብስ አስጠንቅቀዋል። በአውሮፓና በብራዚል ባሉ 11 ቦታዎች ተሠርቶ በ2019 የወጣው የማርታ ዲ ፎርቲ ጥናትም በየቀኑ ኃይለኛ ካናቢስ የሚጠቀም ሰው ጨርሶ ከማይጠቀመው ይልቅ የሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የመለየት የአእምሮ ሕመም፣ የመያዝ ዕድሉ አምስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል።

ለእውነት ሲባል ሌላውንም ወገን ልናገር። በዋሽንግተን ግዛት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች አጠቃቀም አላሻቀበም። በግዛቱ የወጣቶች ጤና ጥናት በ2012 ባለፉት 30 ቀናት ተጠቅሜያለሁ ያሉት 19 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በወረርሽኙ ዘመን በ2021 ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ስለዚህ “ሱቅ ተከፈተ፣ ልጆች ሁሉ ጠፉ” የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። የሚያጨሰው ታዳጊ ቁጥር አነሰ፤ ከሚያጨሰው ውስጥ ግን በየቀኑና በኃይለኛው ዓይነት የሚያጨስ አለ፤ ሕክምና የሚያስፈልገውም እሱ ነው።

ምን እንደሚያመው በአማርኛ መናገር ተገቢ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በቤታችን ይህ ሕመም ስም የለውም። “ሰነፈ” እንላለን፣ “ዓይን አየው” እንላለን፣ “ጓደኛ አበላሸው” እንላለን። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመዘኛ 11 ምልክቶች አሉ፦ ካሰቡት በላይ መጠቀም፣ ለመቀነስ ሞክሮ አለመቻል፣ በሥራና በትምህርት ላይ መጓደል፣ ጉዳቱን እያወቁ መቀጠል፣ መጠኑን እየጨመሩ መሄድና የመሳሰሉት። በዓመት ውስጥ ሁለቱ ከታዩ ቀላል፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከታዩ ብርቱ ይባላል። ያን ጊዜ መመዘኛው የማቆም ሕመምንም ጨመረ። በየቀኑ ሲያጨስ የነበረ ሰው ሲያቆም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መቆጣት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ መጨነቅ ይጀምረዋል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ይቀላል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ልጁ ባቆመ በሦስተኛው ቀን የሚያየውን ቁጣ “ጭራሽ ባሰበት” ብሎ ይተረጉመዋል። ልጁ ራሱም “ይኸው፣ ካላጨስኩ ሰው አልሆንም” ብሎ ይመለስበታል። ሌላም አለ፤ ጠዋት ጠዋት እየደጋገመ የሚያስመልሰው፣ ሙቅ ውኃ ሥር ሲቆም ብቻ የሚሻለው ልጅ ካለ ሐኪሙ ስለ ካናቢስ እንዲጠይቀው አድርጉ። የሆድ ምርመራ ብቻ ተደርጎላቸው መልስ ሳያገኙ የሚመላለሱ ብዙ ናቸው።

ሕክምናው በዋናነት ንግግር ነው። እስካሁን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ሱስ ያጸደቀው ኪኒን የለም። የሚሠራው ሰውየው ራሱ ለማቆም ያለውን ምክንያት እንዲያወጣ የሚረዳ ውይይት፣ የሚያስጨስበትን ሰዓትና ስሜት እንዲያውቅ የሚያሠለጥን ምክር፣ ንጹሕ ሆኖ ለተገኘበት ምርመራ ትንሽ ሽልማት መስጠት ነው። አልጋ አይፈልግም፤ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የሚፈልገው በቋንቋው የሚያናግረው የሠለጠነ ሰውና የማያስፈራ በር ነው።

እንዲህ ያለ በር ሲያትል ውስጥ ተሞክሯል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች “የማሪዋና ቼክ-አፕ” የሚባል ነገር አቋቋሙ። ለተማሪው “ና ታከም” አይባልም፤ “ስለ አጠቃቀምህ እንነጋገር፣ ማቆም ግዴታህ አይደለም፣ የተናገርከውም ከዚህ አይወጣም” ይባላል። አንድ ሁለት ቀጠሮ ብቻ ነው። ከ300 በላይ ተማሪዎች በፈቃዳቸው መጡ። ውይይቱን ያገኙት ከሦስት ወር በኋላ ሲታዩ ተራ እንዲጠብቁ ከተደረጉት ይልቅ ቀንሰው ተገኙ። ለውጡ ትንሽ ነው፤ ተአምር አልተሠራም። ነገር ግን ማንም ሳይልካቸው መምጣታቸው ለእኔ ከውጤቱ እኩል ዋጋ አለው። በየትኛው የ“ፍላጎት” መዝገብ ላይ ነበሩ? በየትኛውም።

በሲያትልና በዙሪያዋ፣ በሬኒየር ቫሊ፣ በታክዊላ፣ በሬንተንና በኬንት የሚኖረው የእኛ ሰው የት ይሄዳል? አባት ታክሲ ወይም ኡበር ላይ ነው፤ እናት ሆስፒታል ወይም የአረጋውያን ቤት የማታ ተረኛ ናት። ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ሽታው ሲታወቅ መጀመሪያ ጩኸት ነው፣ ከዚያ ዝምታ። ከዚያ የንስሐ አባት ይጠራሉ ወይም ሼኩ ይማከራሉ። ከዚያ ፀበል ይታሰባል። ከባሰም ልጁ አገር ቤት አጎቱ ዘንድ ይላካል። ይህን የምጽፈው ለመንቀፍ አይደለም። የንስሐ አባት ልጁን የሚያውቀው፣ የሚሰማው፣ የማይቆጥረውና የማይመዘግበው ሰው ነው፤ ማሪዋና ቼክ-አፕ የሚለው ነገር የሚመስለው ከማንም ይልቅ እሱን ነው። ችግሩ ከእሱ ወደ ሐኪም የሚወስድ መንገድ አለመኖሩ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሚደብቀው ግን ብዙ ጊዜ የሚነግርበት ስላጣ ነው።

መንገዱ ላይ ያሉትን አንዳንድ መሰናክሎች የምናስባቸውን ያህል አያግዱም። በዋሽንግተን ግዛት ዕድሜው ከ19 በታች የሆነ ልጅ ገቢው በተወሰነው ጣሪያ ውስጥ ካለ የመኖሪያ ወረቀት ኖረውም አልኖረው አፕል ኸልዝ ያገኛል። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ጣቢያ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጅ ለእናቱ፣ በተለይ ስለራሱ ሱስ፣ እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም። ዕድሜው 13 የሞላ ታዳጊ ያለ ወላጅ ፈቃድ ራሱ ሄዶ የተመላላሽ ሕክምና መጀመር ይችላል። ብዙ ወላጅ ይህን ሲሰማ ይቆጣል፤ “ልጄን ከእኔ ደብቀው?” ይላል። ቁጣው ይገባኛል። ግን እናቱን የሚፈራ ልጅ ለመታከም በር ከሚያገኝ ይልቅ ከነጭራሹ ባይታከም ይሻላል? በሌላ በኩል ከ2019 ጀምሮ ወላጅም ከ13 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጁን ልጁ ባይፈቅድም ለምርመራና ለተወሰነ ጊዜ የተመላላሽ ሕክምና የሚያቀርብበት ሕግ አለ። ይህን የሚያውቅ ወላጅ በማኅበረሰባችን ጥቂት ነው።

አንድ መሰናክል ግን እውነተኛ ነው፦ ኢሚግሬሽን። ግዛቱ ቢፈቅድም የፌዴራሉ ሕግ አልፈቀደም። የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በግዛት ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ ካናቢስ መጠቀምም ሆነ በካናቢስ ሱቅ መሥራት ለዜግነት የሚፈለገውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ ይችላል። ለግሪን ካርድ የሚደረገው የጤና ምርመራም ስለ ዕፅ ይጠይቃል። ስለዚህ ዜግነት ያልያዘ ሰው “ሱስ አለብኝ ብዬ ብታከም ወረቀቴን አጣለሁ” ብሎ ቢፈራ ፍርሃቱ ከምንም የተነሣ አይደለም። ያላወቀው ግማሹን ነው። የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የሕክምና መዝገብ ይልቅ የጠበቀ የፌዴራል ምስጢር ጥበቃ አለው፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚወስድ ጣቢያ ያለ ታካሚው የጽሑፍ ፈቃድ ወይም ያለ ልዩ የፍርድ ቤት ትእዛዝ “እገሌ እዚህ ይታከማል” ብሎ ለፖሊስም ለኢሚግሬሽንም መናገር አይችልም። አደገኛው ለሚያክመው ሐኪም መናገር ሳይሆን፣ ሳያማክሩ ለኢሚግሬሽን ሹም መናገር ነው። ወረቀት በሂደት ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር፤ ሕክምናውን ግን አይተው።

አሁን ደግሞ ቁጥሩን እንደገና የሚያናውጥ ነገር እየመጣ ነው። በጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው የፌዴራል የበጀት ሕግ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች፣ ግሪን ካርድ ካልያዙ፣ በፌዴራል ገንዘብ የሚሸፈነውን ሜዲኬይድ እንዳያገኙ ያደርጋል። ጥገኝነት አግኝቶ ግሪን ካርዱን የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ በቀጥታ የሚነካ ነው። ያው ሕግ ሥራ የሚችሉ አዋቂዎች መድኑን ለመያዝ በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን እንዲያሳዩ ይጠይቃል፤ የሱስ ሕመም ያለበትንና በሱስ ሕክምና ላይ ያለን ሰው ግን ነጻ ያደርጋል። እንግዲህ አንዱ አንቀጽ የታመመውን ከመዝገቡ ያወጣል፤ ሌላው መድኑን ለማትረፍ ሲል ሰው “ሱስ አለብኝ” ብሎ እንዲመዘገብ ይገፋፋ ይሆናል። ትናንት ዳኛው የላከውን ነገ የመድን ፎርም ሊልከው ነው። ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ቁጥር ይዞ “ካናቢስ ሕጋዊ መሆኑ ይህን አመጣ” የሚል ሰው ከየትኛውም ወገን ቢሆን ጠንቀቅ ብለን እንስማው።

የኢኒሺዬቲቭ 502 የመጨረሻው ሪፖርት የሚቀርበው በ2032 ነው። ገና ጊዜ አለ። የግዛቱ የጤና ባለሥልጣንና ሲያትል ያለችበት ወረዳ፣ ኪንግ ካውንቲ፣ ከአሁን ጀምረው ስንት ሰው ገባ ከሚለው ጎን ሦስት ነገር እንዲመዘግቡ መጠየቅ እንችላለን፦ ማን ላከው፣ ከደወለበት ቀን እስከ መጀመሪያው ቀጠሮ ስንት ቀን ጠበቀ፣ በምን ቋንቋ ተነጋገረ። የማኅበረሰብ ድርጅቶቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች በካውንቲው የባሕርይ ጤና ስብሰባዎች ላይ ሲገኙ የሚያነሡት ጥያቄ ይህ ቢሆን መልካም ነው። ከዚያም ማክሰኞ ማታ ከሥራ ተመልሳ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ስልክ የምትደውል እናት አስተርጓሚው እስኪመጣ መስመሩ ላይ ስንት ደቂቃ እንደጠበቀች፣ ስልኩን ዘግታ እንደሆነም፣ የሆነ ቦታ ይጻፍ።